የጨዋታ ሕግ ስንት ገጽ ይበቃዋል?

በዚህ መጽሔት ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ደመወዝ፣ ስለ መኖሪያ ወረቀት፣ ስለ አገር ቤት ነው። እኔ ዛሬ የጨዋታ ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። «ጨዋታ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የምትል እህት ካለች ትንሽ ትታገሰኝ። ሕጉን ማን ይጽፈዋል፣ ማን ያነበዋል፣ ሕጉ ዝም ባለበት ቦታስ ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ጨዋታው የሚና ጨዋታ ይባላል። ከሁሉም የታወቀው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚሉት ነው፤ የምድር ቤት ወህኒዎችና ዘንዶዎች እንደማለት ነው። እኔ ያወቅኩት ቤይሩት ውስጥ በምሠራበት ቤት ነው። የቤቱ ትልቁ ልጅ አርብ አርብ ማታ ጓደኞቹን ሰብስቦ ይጫወታል። ሻይ ሳቀርብ፣ ሳህን ሳነሳ፣ ኩሽና ሆኜ ዕቃ ሳጥብ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማኋቸው። ከሚጫወቱት ይልቅ የሚጨቃጨቁት ይበዛ ነበር። አንድ ቀን ምን እንደሚያጨቃጭቃቸው ጠየቅኩትና መጽሐፎቹን አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በስልኬ ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል ነው፤ ሰው የሚወደውን ነገር ሲሆን ግን ቀስ እያለ ያነባል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ዳኛም ተራኪም ይሆናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የታሪኩን አንድ ሰው ይይዛሉ፤ አንዷ ወታደር፣ አንዷ ጠንቋይ፣ አንዷ ሌባ። ዳኛዋ «ወንዝ ዳር ደርሳችኋል፣ ድልድዩ ተሰብሯል፣ ከኋላችሁ ጅብ ይጮኻል» ትላለች። ተጫዋቿ «ዘልዬ እሻገራለሁ» ትላለች። ተሻገረች ወይስ ውኃ ውስጥ ወደቀች? ይሄኔ ዳይስ ይወረወራል። ዳይስ ማለት እዚህ አገር ወንዶቹ በረንዳ ላይ ጣውላ ሲጫወቱ የሚወረውሩት፣ «ዘህር» የሚሉት ነው። የሚና ጨዋታ ላይ ግን ስድስት ፊት ያለው ብቻ ሳይሆን አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት፣ ሃያ ፊት ያለውም አለ።

እንግዲህ ጭቅጭቁ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። መዝለሏን ለመወሰን ምን ያህል ሕግ ያስፈልጋል? ዳኛዋ ዝም ብላ «ተሻግረሻል» ብትል ይበቃል? ወይስ የወንዙ ስፋት፣ የተሸከመችው ዕቃ ክብደት፣ የጫማዋ ዓይነት ሁሉ በሠንጠረዥ ይሰላ? አንደኛው ፈጣን ነው፣ ግን ሁሉ ነገር በዳኛዋ ፊት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሁለተኛው ፍትሐዊ ይመስላል፣ ግን ስሌቱ ሳያልቅ ጅቡ በልቷት ይሄዳል።

የእኛን ገበጣ አስቡ። ሕጉ በወረቀት ተጽፎ አልተማርነውም፤ ከሰፈር ሰፈርም ይለያያል። የኢትዮጵያን ታሪክ ያጠኑት ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት ብዙ ዓይነት አጨዋወት ሰብስበዋል። ያም ሆኖ ገበጣ ላይ ክርክር ቢነሳ ጠጠሩ አለ፤ ይቆጠራል፣ ያልቃል። የሚና ጨዋታ ግን ወንዙም ጅቡም በሰው ሐሳብ ውስጥ ስለሆነ የሚቆጠር ጠጠር የለውም። ስለዚህ ከሌላ ጨዋታ ሁሉ በላይ የሕጉ ነገር ያስቸግራል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከተረት ሳይሆን ከጦር ሠራዊት ነው። ዛሬ ጀርመን በምንላት አገር ፕሩሲያ የሚባል መንግሥት ነበር። ጌኦርግ ሌኦፖልድ ፎን ራይስቪትስ የሚባል ሰው በ1812 ለንጉሡ ለፍሪድሪክ ቪልሄልም ሦስተኛ የጦርነት መጫወቻ ጠረጴዛ ሠርቶ አቀረበ። ልጁ የመድፈኛ መኮንን ነበር፤ የአባቱን ሥራ አሻሽሎ በ1824 የሕግ መጽሐፍ አሳተመ። ስሙ ክሪግስሽፒል ነው፣ የጦርነት ጨዋታ ማለት ነው። ቀይና ሰማያዊ ትንንሽ ቁራጮች በትልቅ ካርታ ላይ ይደረደራሉ። አንዱ ዙር የሁለት ደቂቃ ውጊያ ነው። ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን ለዳኛ ይሰጣሉ፤ ዳኛው ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓይኑ ሊያየው የሚችለውን ብቻ ይነግረዋል። ከተራራ ጀርባ ያለ ጠላት አይነገርም። ተኩስ ሲኖር ዳይስ ይወረወራል፣ ሠንጠረዥ ይታያል፣ የሞተው ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ ለመኮንኖች ጥሩ ትምህርት ነበር፤ ሠራዊቱም ተቀበለው። ነገር ግን በየጊዜው ሕጉ እየተጨመረ፣ ሠንጠረዡ እየበዛ ሄደ። ዳኛ መሆን ሸክም ሆነ። በ1876 ዩሊዩስ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለ የፕሩሲያ መኮንን ሠንጠረዡንና ስሌቱን ወዲያ በሉት፣ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ዕውቀት ይፍረድ የሚል መጽሐፍ አወጣ። ነፃ ክሪግስሽፒል ተባለ። ጨዋታው ፈጠነ፣ መጽሐፍ መሸምደድ ቀረ።

እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጎበዝ ሰው አልኩ። ቆይቼ ግን አሰብኩት። ልምድ ያለው ዳኛ ማለት ብዙውን ጊዜ በማዕረግ የሚበልጥ ነው። አንድ ወጣት መኮንን በግፍ ተፈረደብኝ ብሎ ቢያስብ ምን ይዞ ይከራከራል? ድሮ ቢያንስ ሠንጠረዡን ገልጦ «ይኸው፣ እዚህ ጋ እንዲህ ይላል» ማለት ይችል ነበር። አሁን ያ ወረቀት የለም። ሕግ ሲቀንስ ሥልጣን አይቀንስም፤ ከወረቀቱ ተነስቶ ወደ ሰው ይሄዳል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 ለአሻንጉሊት ወታደሮች ያወጣው ሕግ ይህን ችግር በሌላ መንገድ አመለጠው። ትንሽ የአሻንጉሊት መድፍ አለች፤ እንጨት ትተኩሳለች። የወደቀው አሻንጉሊት ሞተ። አለቀ። ዳኛም ሠንጠረዥም አይፈልግም። ግን በዚህ መንገድ ከመዋጋት በቀር ሌላ ነገር ማድረግ አይቻልም፤ ማባበል፣ መዋሸት፣ መለመን የለም።

ማባበልና መዋሸት ወደ ጨዋታው የገባው አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ ነው። ዴቪድ ዌስሊ የሚባል ወጣት በ1880 ቻርልስ ቶተን የተባለ አሜሪካዊ መኮንን የጻፈውን የጦርነት ጨዋታ መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አግኝቶ ነበር። መጽሐፉ ተጫዋች ማንኛውንም ነገር መሞከር ይችላል፣ የሚሆነውን ዳኛው ይወስናል የሚል ሐሳብ ነበረው። ዌስሊ በ1969 ብራውንሽታይን የሚባል ጨዋታ አዘጋጀ። ጦር የሚመሩ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ የከተማ ከንቲባ፣ የባንክ ባለቤት፣ ተማሪ የሚሆኑም ነበሩበት። ተጫዋቾቹ ተራ ጥሰው በየክፍሉ ተበታትነው ተንሾካሾኩ፣ ተሸራረቡ፣ ዋሹ። ዌስሊ ጨዋታው ተበላሸ ብሎ ነበር። ተጫዋቾቹ ግን ድገምልን አሉት።

ከተጫዋቾቹ አንዱ ዴቭ አርነሰን ነበር። እሱ ደግሞ ብላክሙር የሚባል የተረት አገር ፈጠረ፤ ተጫዋቾቹ በቤተ መንግሥት ሥር ወዳለ ዋሻ እየወረዱ ከጭራቅ ጋር ይዋጋሉ፣ ሀብት ያመጣሉ። ሕጉ በአብዛኛው ያለው በአርነሰን ጭንቅላትና በማስታወሻ ወረቀቶቹ ላይ ነው። በ1972 መጨረሻ ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ለጋሪ ጋይጋክስ አሳየው። ጋይጋክስ የኢንሹራንስ ሥራውን አጥቶ ቤቱ ውስጥ ጫማ እየጠገነ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ የጨዋታ ሕግ ይጽፋል። የአርነሰንን ማስታወሻ ተቀብሎ ቁጭ ብሎ ጻፈው። በ1974 መጀመሪያ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ታተመ። ሦስት ቀጫጭን መጽሐፍ በአንድ ሣጥን፣ 1,000 ቅጂ፣ ዋጋው 10 ዶላር።

ቀጭን ስለሆነ ግን ቀላል ነበር ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጽሐፉ ሌላ የጦርነት ጨዋታ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ያነበዋል ብሎ ነው የተጻፈው። የውጊያውን ሕግ ከሌላ መጽሐፍ አምጡ ይላል፤ የሜዳውን ካርታ ደግሞ ሌላ ድርጅት ከሚሸጠው ጨዋታ። የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የጎደለውን ራሳችሁ አስቡት የሚል መንፈስ አለው። ሰዎቹም አሰቡት። በየከተማው የሚጫወቱት ጨዋታ ስሙ አንድ ሆኖ ሕጉ የተለያየ ሆነ። እንደ ገበጣችን ማለት ነው።

አሪዞና ውስጥ ኬን ሴንት አንድሬ የሚባል ሰው መጽሐፉን አንብቦ ሐሳቡን ወደደው፣ ሕጉን ግን ጠላው። ስለዚህ የራሱን ጻፈና በ1975 «ተነልስ ኤንድ ትሮልስ» ብሎ አወጣ። የትም የማይገኘውን ሃያ ፊት ዳይስ ትቶ በየቤቱ ባለው ስድስት ፊት ዳይስ ብቻ የሚጫወቱት አደረገው። ይህን ሰው እወደዋለሁ። የሚሠራው ከቤት ባለው ዕቃ ነው። እኛስ በርበሬ የሚደልዝ ሙቀጫ ስናጣ በምን እንደምንደቁሰው እናውቅ የለ!

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። በ1977 ኤሪክ ሆምዝ የሚባል የሕክምና ፕሮፌሰር የጋይጋክስን ሦስት መጽሐፎች ለጀማሪ እንዲሆን አድርጎ አሳጥሮና አስተካክሎ አዘጋጀው፤ 48 ገጽ ነው። ሲሸጥ ሲሸጥ ዳይስ ያለቀበት ጊዜም ነበር፤ ያኔ ድርጅቱ ሣጥኑ ውስጥ ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ከተተ። ቆርጠሽ ስኒ ውስጥ ታደርጊያቸዋለሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ታወጫለሽ። ዕጣ ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ከባዱ ነው። ጋይጋክስ ከ1977 እስከ 1979 ባሉት ዓመታት ሦስት ትልልቅ መጽሐፎች አወጣ፤ «አድቫንስድ» የሚል ቃል ጨመረበት፣ የላቀ ማለት ነው። የዳኛው መጽሐፍ ብቻ ከ200 ገጽ ይበልጣል። ለምን ይህን ያህል? አንዱ ምክንያት ውድድር ነው። ብዙ ሰው ከተለያየ ከተማ መጥቶ ሲወዳደር አንድ ዓይነት ሕግ ያስፈልገዋል። የገንዘብም ነገር አለበት። አርነሰን ከአዲሶቹ መጽሐፎች ሽያጭ ድርሻዬ አልተከፈለኝም ብሎ በ1979 ከሰሰ፤ ይህ ሌላ ጨዋታ ነው፣ የአንተ አይደለም የሚል ክርክር ገጠመው። በ1981 ተስማምተው ጨረሱ። የደከመ ሰው ድካሙ በሌላ ስም ሲጠራ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ አልነግራችሁም።

በእነዚህ ትልልቅ መጽሐፎች ውስጥ እኔን ያስገረመኝ ግን የገጹ ብዛት አይደለም። አንዷ ተጫዋች ሰይፍ ስትሰነዝር ለመምታት ስንት ቁጥር እንደሚያስፈልጋት የሚነግረው ሠንጠረዥ የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ የለም። ያለው የዳኛው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ያን መጽሐፍ ደግሞ ተጫዋች እንዲያነበው አይፈለግም፤ ጋይጋክስ ራሱ የሚያነቡትን ተጫዋቾች በጽሑፍ ይገሥጻል። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ምስጢሩ ከታወቀ ጨዋታው አይጥምም ነው። ግን እንዲህም ነው፦ የምትሞቺበት ሕግ ተጽፏል፣ አንቺ አታይውም።

እዚህ ላይ ከጨዋታ ትንሽ ልውጣ። ሊባኖስ ውስጥ በ1946 የወጣው የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ለይቶ አስወጥቷል። እኛን የሚመለከት አንድ ወጥ ኮንትራት የተዘጋጀው በ2009 ነው። በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ዕረፍት ይሰጣል። ጥሩ፣ ቁጥር ተጽፏል። ዕረፍቱን እንዴት እንደምናሳልፈው ግን ሁለቱ ወገኖች ይስማሙ ብሎ ይተወዋል። ጨዋታ ላይ ቢሆን ይህ «ዳኛው ይወስን» የሚለው ቦታ ነው። ልዩነቱ እዚህ ዳኛው ገለልተኛ አለመሆኑ ነው፤ ከሁለቱ ወገኖች አንዷ ቁልፉንም ፓስፖርቱንም የያዘችው ማዳም ናት። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን የማናነበውን ዓረብኛ የፈረምን? በ2020 የተሻለ ኮንትራት ወጥቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው «ሕግ ሲያጥር ጥሩ ነው፣ ሰው በመግባባት ይኖራል» ሲል እኔ ቶሎ አልስማማም። መግባባት የሚጥመው እኩል ለተቀመጡ ሰዎች ነው። የአራት መቶ ገጽ ሕግም በማላነበው ቋንቋ ከሆነ ያው ነው።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ጥሩው ክፍል 1981 እና 1983 ነው። በ1981 ቶም ሞልድቬይ የሚባል ሰው የጀማሪውን መጽሐፍ እንደገና ጻፈው። 64 ገጽ ነው፤ ተጫዋቹም ዳኛውም የሚያነቡት አንድ መጽሐፍ። መጨረሻው አካባቢ አንድ ትንሽ ምክር አለ፤ ሕግ ላልተጻፈለት ነገር የሚሆን ሕግ ልትሉት ትችላላችሁ። ተጫዋቿ ያልታሰበ ነገር ልሞክር ካለች ዳኛው ከችሎታዎቿ ለነገሩ የሚስማማውን ይመርጣል፤ እሷ ሃያ ፊት ዳይስ ትወረውራለች፤ የችሎታዋን ቁጥር ያህል ወይም ከዚያ በታች ከወጣ ተሳካላት። ነገሩ ቀላል ወይም ከባድ ከሆነ ዳኛው እስከ አራት ድረስ ያስተካክላል። ያቺ ወንዝ የምትዘለው ሴት ቅልጥፍናዋ 13 ቢሆን ከሃያው ቁጥር አሥራ ሦስቱ ያሻግሯታል፣ 65 በመቶ ማለት ነው። ወንዙ በጣም ሰፊ ነው ተብሎ አራት ቢቀነስባት 9 ይሆናል፣ 45 በመቶ። የጫማ ሠንጠረዥ፣ የንፋስ ሠንጠረዥ አያስፈልግም። ዳኛውም ቢሆን ልቀቅ ብሎ እንደፈለገ አይፈርድም፤ አራት ድረስ ነው መብቱ።

በ1983 ፍራንክ ሜንትዘር ያዘጋጀው ቀዩ ሣጥን ደግሞ ሕጉን መቀነስ ትቶ አሰጣጡን ለወጠ። መጽሐፉን ስትከፍቺው ሕግ አይደለም የሚቀበልሽ፤ ታሪክ ነው። አንቺ ወታደር ነሽ፣ ብቻሽን ወደ ዋሻ ትገቢያለሽ። እባብ ሲመጣብሽ ስለ ውጊያ ጥቂት ይነግርሻል፣ ትወረውሪያለሽ። ከዚያ አሊና የምትባል ፈዋሽ ሴት ታገኚያለሽ፤ ስለ ፈውስና ስለ አስማት የምትማሪው እሷ ስትናገር ነው። ባርግል የሚባል ክፉ ጠንቋይ ይገድላታል፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ይህን ጠንቋይ አልረሳውም። ስታነቢ ስታነቢ ግማሹን ሕግ አውቀሽዋል። እኔ እዚህ አገር ስመጣ ማንም እንዲህ አላስተማረኝም። የልብስ ማጠቢያውን፣ የምድጃውን፣ የጽዳት ኬሚካሉን፣ የምግቡን፣ የእንግዳ አቀባበሉን ሁሉ በአንድ ጠዋት በማላውቀው ቋንቋ ነው የነገሩኝ። እናታችን ግን እንጀራ ስታስተምረን ሊጡን ዛሬ፣ አብሲቱን ሌላ ቀን፣ ምጣዱን ሌላ ቀን ነበር። ያው ሙያ ነው፣ ብዛቱም ያው ነው፤ የሚከብደው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲፈስ ነው።

የቀሩትን ዓመታት ቶሎ ልለፋቸው። በ1980 ሮልማስተር ለሚባለው ጨዋታ መጀመሪያ የሆነው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ የጦር መሣሪያ ለየብቻው ሠንጠረዥ ሠርቶ መጣ፤ የሚወዱት አሉ። በ1986 ስቲቭ ጃክሰን ያወጣው ገርፕስ ሦስት ዳይስ ወርውሮ የችሎታን ቁጥር ያህል ወይም ከዚያ በታች ማምጣት ብቻ ነው፤ የቀረውን ዝርዝር የምትፈልጊውን ያህል ትጨምሪያለሽ። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሁለተኛ እትም በ1989 ወጣ፤ ለመምታት መቀነስ ያስፈልግ ነበር፣ ሰው በሌሊት ቁጭ ብሎ ሲቀንስ አስቡት።

በ2000 ሦስተኛው እትም ሲመጣ አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። ድሮ በሰይፍ ለመምታት ከፍ ያለ ቁጥር ጥሩ ነው፣ የተደበቀ በር ለማግኘት ዝቅ ያለ ጥሩ ነው፣ ሌባ ቁልፍ ሲከፍት ደግሞ በመቶኛ ይሰላል። አዲሱ እትም ሁሉንም አንድ አደረገው። ሃያ ፊት ዳይስ ወርውሪ፣ ችሎታሽን ደምሪ፣ የተባለው ቁጥር ላይ ከደረስሽ ተሳካ። ለመምታትም፣ ለመዝለልም፣ ለመዋሸትም ያው ነው። ሰው እፎይ አለ። ግን በዚህ ቀላል ሕግ ላይ ልዩ ችሎታው፣ ልዩ ሁኔታው፣ ተደማሪው ቁጥር ተከመረበት። ከፍታ ላይ ከቆምሽ ይደመራል፣ ጓደኛሽ ከረዳሽ ይደመራል፣ ሌላ ነገር ይቀነሳል። አምስተኛው እትም በ2014 ብዙውን መደመርና መቀነስ በአንድ ዘዴ ተካው። ነገሩ ከተመቻቸልሽ ሁለት ዳይስ ወርውሪና የሚበልጠውን ያዢ፤ ካልተመቸሽ ሁለት ወርውሪና የሚያንሰውን ያዢ። 11 እና ከዚያ በላይ የሚያስፈልጋት ሴት በአንድ ዳይስ ዕድሏ 50 በመቶ ነው። ሲመቻት 75 በመቶ ይሆናል፣ ሳይመቻት 25። ጠረጴዛው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሁለቱን ዳይስ በዓይኑ ያያል፤ የተደበቀ ስሌት የለም። መሠረታዊ ሕጉንም በኢንተርኔት በነፃ ለቀቁት። እኔ ያነበብኩት እሱን ነው።

ከዚህም ያጠሩ አሉ። በ2013 ጆን ሃርፐር የሚባል ሰው ያወጣው ጨዋታ ሙሉው አንድ ገጽ ነው፤ ተጫዋቿ ያላት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በ2010 ቪንሰንትና ሜጌ ቤከር ባሳተሙት ጨዋታ ደግሞ ሁለት ተራ ዳይስ ወርውረሽ ችሎታሽን ትደምሪያለሽ። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በደንብ ተሳካ፤ ከ7 እስከ 9 ከሆነ ተሳካ ግን ዋጋ አለው፤ 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ መከራው መጣ። ምንም ሳይደመር እንኳን መሀለኛው የሚወጣው 42 በመቶ ያህል ነው። «አገኘሽ፣ ግን ከፈልሽበት» ማለት ነው። ይህ ሕግ የእኛን ኑሮ አይቶ የተጻፈ ይመስላል።

እሑድ እሑድ ከማኅበሩ ስብሰባ በኋላ አምስት ሆነን የምንጫወተው በዚህ በመጨረሻው ሕግ ነው። ዳይስ የለንም፤ ሁለት የቡና ስኒ ውስጥ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው ወረቀቶች አሉን። ዳኝነቱ በየሳምንቱ ይዞራል። ከአምስታችን አንዷ ማንበብ አትችልም፤ ከሁላችንም ጎበዝ ዳኛ ግን እሷ ናት፣ ተረት ታውቅበታለች። ከራሳችን የጨመርነው ሕግ አንድ ነበር፦ ዳኛዋ ወረቀቱ ከመውጣቱ በፊት ካልተሳካ ምን እንደሚመጣ ጮክ ብላ ትናገራለች። ተጫዋቿ ሰምታ መተው ትችላለች። ወረቀቱ ከወጣ በኋላ አዲስ ቅጣት መፍጠር ክልክል ነው። ይህን ካደረግን ወዲህ ተኮራርፈን የተለያየንበት እሑድ የለም።

አሁን ሁለተኛ ሕግ እየተጨመረ ነው። የድሮዎቹ መጽሐፎች አንድ ሰው የተሸከመውን ዕቃ በሳንቲም ክብደት ያስቆጥሩ ነበር፤ አብዛኛው ተጫዋች ይሰለቸውና ይዘለዋል። እኔም ይዝለሉት ብዬ ነገርኳቸው። እህቶቼ ግን እምቢ አሉ። ያለው ታሪካችን ወደ አገር ቤት የምትመለስ ሴት ጉዞ ነው፤ ያለ ኪሎ ምን ጣዕም አለው አሉኝ። አንዷ የአየር መንገዱን ኪሎ በቃሏ ታውቃለች፣ ሌላዋ ብርድ ልብስ በምን ዓይነት ላስቲክ ተጠቅልሎ እንደሚቀንስ፣ ሦስተኛዋ በሰው ሻንጣ ላይ ማስጫን ስንት እንደሚያስከፍል። እንግዲህ የውጊያ ሕጋችን ሁለት መስመር ሆኖ የሻንጣው ሕግ አንድ ገጽ ሞልቷል። ለእናት የሚገዛ ጫማ በኪሎ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚለው ለሚቀጥለው እሑድ ተላልፏል።